ማስተካከያ፦ ፋየርዎሉን አታጥፉት

ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አገናኝቶ ፋይል ስለመጋራት ስጽፍ «የዊንዶውስን ፋየርዎል (ያልተፈለገ ግንኙነት ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይገባ የሚያግደውን መከላከያ) አጥፉት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትክክለኛው ይህ ነው፦ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ የቤቱን ኔትወርክ «ፕራይቬት» (የምታምኑት የግል ኔትወርክ) አድርጉት። ከዚያ ፋይልና ፕሪንተር ማጋሪያውን አብሩ። ፋየርዎሉ ሳይጠፋ ለዚህ ብቻ መንገድ ይከፍታል። ያገኘሁት ከማይክሮሶፍት መመሪያ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ባሉት ኮምፒውተሮችም ሞክሬዋለሁ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ራውተር መብራት ካገኘ ማጋራቱ ይሠራል።

ምክሬን ሰምታችሁ ያጠፋችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሳችሁ አብሩት። በተለይ ላፕቶፕ ይዛችሁ ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም ካፌ ዋይፋይ የምትጠቀሙ፣ ያጋራችሁት ፎልደር ለማታውቁት ሰው ሊጋለጥ ይችላል። እዚያ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» (ሁሉም የሚጠቀምበት ኔትወርክ) አድርጉት።