ስም ያለበት መጠለያ

ጂማ ያደገ ሰው በእንግሊዝ ዝናብ ብዙም አይማረርም። ባለፈው ወር ለሥራ ወደ አንዲት ትንሽ መንደር ሄጄ ዝናቡ ሲይዘኝ፣ መንገድ ዳር ያለች መጠለያ ውስጥ ሮጬ ገባሁ። ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች፣ የድንጋይ ክዳን፣ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ። አውቶቡስም የሚጠበቀው እዚያው ነው። ቁጭ ብዬ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ስም ተቀርጿል። ቆጠርኩ፤ 14። ሦስቱ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። ወንድማማቾች ይሁኑ የአጎት ልጆች፣ እንጃ።

በፈረንጆቹ ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው ጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ናቸው። መንግሥታቸው ያኔ የወደቀ ወታደር አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ ወስኖ ነበር። እናት ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር ባሕር ማዶ ቀረ። ስለዚህ በየመንደሩ ስም ተጻፈ። አንዱ መስቀል አቆመ፣ ሌላው አዳራሽ ሠራ፣ ይቺኛዋ መጠለያ። ለሙት መታሰቢያ ብሎ ለራስ የሚጠቅም ነገር መሥራት ነውር ነው ብለው የተከራከሩም ነበሩ። እኔ ግን ልብሴ እየተንጠባጠበ ስለነበር ከመጠለያው ወገን ነኝ።

ዛሬ እንዲህ ያሉት በቅርስነት ይመዘገባሉ። የጦርነቱ 100ኛ ዓመት በታሰበበት ጊዜ ብቻ 2,500 ያህል መታሰቢያዎች በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ ገብተዋል። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ እንደፈለጉ ማፍረስ ወይም መልኩን መቀየር የለም። የአውቶቡስ መጠበቂያ እኮ ነው የምላችሁ!

ውሻ ይዘው ሊጠለሉ የገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከስሞቹ የሚያውቁት ቤተሰብ እንዳለ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ጡረታ ሲወጡ ነው ወደ መንደሩ የመጡት። በዓመት አንድ ቀን፣ በኅዳር፣ ስሞቹ ጮክ ተብለው ይነበባሉ፤ ሰው ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ጂማ ላይ ቅርስ ካላችሁ ሰው ጣቱን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው የሚቀስረው። ጣሊያን የሠራቸውንም ሕንፃዎች የሚያሳያችሁ አይጠፋም። ጣሊያንን ሲወጉ የሞቱትስ? ራስ እምሩ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተከበው እጃቸውን የሰጡት ከጂማ ብዙ በማይርቀው ጎጀብ ወንዝ ዳር ነው። እሳቸው ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴት ተወሰዱ፤ ታሪክም መዘገባቸው። አብረዋቸው ከነበሩት ስንቱ እዚያው እንደቀረ ልጅ ሆነን የነገረን አስተማሪ አላስታውስም። አስከሬን ሳይገኝ ሲቀር በኛ አገር ልብሱና ጋሻው ድንኳን ውስጥ ተዘርግቶ ይለቀሳል። አልቃሿ ስሙን ከነጀግንነቱ በሙሾ ታወርደዋለች። ከመጠለያው ግድግዳ ይልቅ ሰውየውን የምታውቀው እሷ ናት። ችግሩ፣ ድንኳኑ ይነቀላል፤ አልቃሿም ታረጃለች።

ማታ ጂማ ላሉት አክስቴ ደወልኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል።

«ከሰፈራችን ለጣሊያን ጦርነት ሄደው የቀሩት እነማን ናቸው?»

«ምን አስታወሰህ ደግሞ? ደህና ነህ ግን?»

ደህንነቴን ካጣሩ በኋላ መቁጠር ጀመሩ። የአባታቸው ታላቅ ወንድም፤ አንድ። ከወንዙ ማዶ የነበሩ ባለ ወፍጮ፤ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆዩ። መልኩን ነገሩኝ፤ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት። የሚቀመጥባት በርጩማ እነሱ ቤት ቀርታ እሳቸው ራሳቸው ልጅ ሆነው እንደተቀመጡባት ሁሉ ነገሩኝ። ስሙ ግን አልመጣ አለ።

«ተወው፣ ካርድህን አትጨርስ» ብለው ዘጉት።

ሌሊት በነሱ ሰዓት ገና ሳይነጋ ደወሉ። ደንግጬ አነሳሁ።

«የፈረሱ ስም መጣልኝ» አሉ። «የሱ የራሱ ግን እንቢ አለኝ።»