ጡቱ የእሷ፣ ውሳኔው የሰፈሩ

ዛሬ ወቀሳ የለም። ምስጋና ብቻ ነው።

በጎንደር፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ ቀበሌ 18፣ ደሞዝ ሳይከፈለው፣ አበል ሳይጠይቅ፣ የሥልጠና ወረቀት ሳይኖረው በየቤቱ እየዞረ የአራስ ጡት የሚገመግም ኃይል አለን። አራስ ጠያቂ እንለዋለን። ሌላው ዓለም ሕፃን በምን እንደሚያድግ ለማወቅ ዓመታት ያጠናል። የእኛ ሰው ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ያውቀዋል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ገብቶ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላል። "ማርያም ታኑርዎት" ትላለች አራሷ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው፣ ወግ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ገንፎው ይመጣል። ታዲያ የመጀመሪያው ጉርሻ ቅቤውን ነክቶ አፍ ሳይደርስ ጥያቄው ይወረወራል።

"ወተት አለሽ?"

ከወለደች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። እንቅልፍ አላየችም። ምናልባት ተሰፍታለች። ስለ እንቅልፏ የጠየቀ የለም፣ ስለ ስፌቷም የጠየቀ የለም። ቅዳሜ ገበያ ላም የሚገዛ ሰው እንኳን መጀመሪያ ባለቤቷን ሰላም ይላል።

"አለኝ" ካለች "ይበቃዋል?" ይከተላል። በዚህ መሐል ሕፃኑ አለቀሰ እንበል። ያኔ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ "ራበው!" ብሎ ይወስናል። ዳይፐሩ ርሶ ይሆናል። የዕጣኑና የቡናው ጭስ አፍኖት ይሆናል። ሰባት ስምንት ሰው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበለው ሰልችቶት ይሆናል። አይ፣ ጎንደር ውስጥ ሕፃን በረሃብ ብቻ ነው የሚያለቅስ።

ከዚያ ጉባኤው ለሁለት ይከፈላል።

አንደኛው የቅቤ ወገን ነው። ሰብሳቢዋ አብዛኛውን ጊዜ አማት ናቸው። "እንገሩ ቢጫ ነው፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ታልቦ ይደፋ። ለጊዜው ቅቤ ይልሳል።" እንግዲህ እንገር ያው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት ነው፤ ጥቂት፣ ወፈር ያለ፣ ከበሽታ የሚከላከል ነገር የታጨቀበት፣ ሐኪሞች የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት የሚሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ ይላል። ይበል! ለነገሩ የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው። ስንቱ ባለሙያ እዚህ ተምሮ አገሩን አዳረሰ። አገሩን ሲያዳርሱ አንድ ቤት ሳይገቡ ቀሩ መሰለኝ፣ እሱም የአማት ቤት። ቢገቡስ? "ሐኪሙ ምን ያውቃል፣ ወልዶ አያውቅ!" ተብሎ መልስ ተዘጋጅቷል።

ሁለተኛው የቆርቆሮ፣ ማለትም በጣሳ የሚሸጠው የሕፃን ዱቄት ወተት (ፎርሙላ) ወገን ነው። ይሄኛው ዘመናዊ ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። "የእህቴ ልጅ በፎርሙላ ነው ያደገ። ጉንጩን እዪልኝ!" እዚህ ወገን ዘንድ ሚዛን አያስፈልግም፣ ጤና በጉንጭ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ፣ እናቶችም ነፃ ናሙና እንዳይሰጣቸው የሚል ደንብ አጽድቆ ነበር። ጥሩ ደንብ ነው። ጎረቤትን ግን ረስቷል። ኩባንያዎቹ ይህን ነፃ አገልግሎት ቢያውቁት ኖሮ ፒያሳ ላይ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ጎን፣ ለአራስ ጠያቂያችን ሐውልት ባቆሙለት።

እኔ በበኩሌ ከሁሉ የማደንቀው ትንቢታቸውን ነው። ጡት ወተት የሚያመርተው በተጠባ ልክ ነው። ሕፃኑ ቀንና ሌሊት 8 ጊዜም 12 ጊዜም ሲጠባ ወተቱ እየመጣ ይሄዳል። ጠያቂያችን "ምስኪን፣ ለማሟያ ያህል ትንሽ ጡጦ ስጪው" ይላል። ተሰጠው። ጠግቦ ተኛ። ተኝቶ ሳይጠባ አረፈደ፣ ሳይጠባ ሲያረፍድ ወተቱ ቀነሰ፣ ሲቀንስ ሌላ ጡጦ ተጨመረ። በሳምንቱ ያው ሰው ተመልሶ መጥቶ፣ ያቺኑ ወንበር ይዞ፣ ያንኑ ገንፎ እየቆረሰ፣ "አላልኩሽም? ወተት የለሽም!" ይላል። ራሱ ቆፍሮ ራሱ ጉድጓድ አለ ብሎ የሚያስጠነቅቅ እንዲህ ያለ ነቢይ የት ይገኛል?

ነቢይነቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ዳኝነትም ይደርባል። ፎርሙላ ስጪ ያለው አንደበት፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ሲያየው፣ "ጡት እያለሽ? ቁመናሽ እንዳይበላሽ ነው አይደል?" ይላል። በጡቷ ብቻ ካጠባች "ልጁን አከሳሽው"። ባጃጅ ውስጥ ካጠባች "ሸፍኚው እንጂ፣ ዓይን ይገባበታል"። ባጃጅ ውስጥ ጡጦ ካወጣች ሹፌሩም በመስታወቱ እያየ አስተያየት አለው። የእኛ ሰው ፍትሐዊ ነው፤ ማንንም ሳያዳላ ሁሉንም ይኮንናል።

የቆርቆሮው ወገን ሊመሰገን የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ ውሃ ምን እንደሆነ ረስቷል። ፎርሙላ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ይፈላል፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይገባበታል፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፣ የተረፈው ይደፋል፣ ጡጦው ታጥቦ ይቀቀላል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራትም ካለ ነው። "ፎርሙላ ስጪው" ካለው ሁሉ መሐል አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ የመጣ አላየሁም። የቆርቆሮውን ዋጋ ሱቅ ሄዶ የጠየቀም ያለ አይመስለኝም። ዋጋው ሲከብዳት ግን ምክሩ ዝግጁ ነው፤ "ዱቄቱን ቀነስ አድርጊው፣ ይቆይልሻል።" ቆርቆሮው ቆየ፣ ልጁ ከሳ።

ከሁለቱም ያልሆነው የጡት ብቻ ወገንም ከዚህ አያንስም። "ስድስት ወር ጡት ብቻ!" ሲሉ ድምፃቸው እንዴት ያምራል። ልክ ናቸው ደግሞ፤ 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ፣ ውሃም ሳይጨመር፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። አሁን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን እንክፈት። ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ። ስድስት ወር ስንት ቀን ነው? እዚህ ላይ ጉባኤው ዝም ይላል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ቡናው ሦስተኛው ደረሰ ወይ ይላል። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ወተቷን አልባ የምታስቀምጥበት አንዲት ክፍል ይኑራት ብሎ አቤቱታ የጻፈ አራስ ጠያቂ ካለ ይምጣና እጁን ልሳመው። አጀንዳው ደረቅ ነው መቼም። ገንፎ የለውም።

ወንዶቹንም አልረሳኋቸው። ጀበና ቡና ከብበው የተቀመጡ ጋሼዎች በዚህ ጉዳይ ዝም አሉ እንዳትሉ። "እኔ እናቴ እስከ አራት ዓመቴ ነው ያጠባችኝ" አለ አንዱ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያስታውቃል ጋሼ፣ ውሃ አምጣ ሲሉዎት አሁንም ያለቅሳሉ። የሕፃኑን አባት ደግሞ ስለ ወተት የሚጠይቀው የለም። "ወንድ ነው ሴት?" ይባላል፣ ይመልሳል፣ ፈተናውን አለፈ።

እናቶቻችንም በዚህ ሁሉ ሠልጥነዋል። በሕመም ምክንያት፣ በምትወስደው መድኃኒት ምክንያት፣ ወይም ሥራዋ አላወላዳ ብሏት ፎርሙላ የጀመረችው፣ በር ሲንኳኳ ቆርቆሮውን አልጋ ሥር ትገፋዋለች። ጡት ብቻ የምታጠባው ደግሞ "ቅቤ አላሳችሁት?" ስትባል ዓይኗን ሳታሽ "አዎ እትዬ፣ አልሰነዋል" ትላለች። ሁለቱም ልጆቻቸውን በደንብ እያሳደጉ፣ ሁለቱም ለጎረቤት ይዋሻሉ። እንዲህ ያለ ዲፕሎማት በአንድ ወር የሚያስመርቅ ተቋም ሌላ ቦታ የለም።

ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ይደርሳል። ያን ዕለት ጉባኤው ጠላ ይዞ ስለ ጉንጩ የመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል፣ ከዚያም ለትንሽ ጊዜ ይበተናል። አራሷ ግን ተገላገልኩ ብላ እንዳትዘናጋ። ስድስተኛው ወር ላይ የምጥን ዱቄት አጀንዳ አለ። አንዷ ሰባት ዓይነት እህል ይግባ ትላለች፣ ሌላዋ አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ከሱቅ የታሸገውን ይዛ ትመጣለች፣ አማት ደግሞ አሁንም ቅቤያቸውን አልረሱም። እህቴ፣ ገንፎውን ከአሁኑ አዘጋጂ፤ እነሱ ቀኑን በደንብ ቆጥረውታል።