«ማንም ምንም አላለኝም»

አንዲት የማውቃት ልጅ ለእረፍት ውጭ ልትወጣ ነው። ግሩፕ ላይ ጠየቀች፦ «የባህር ዳርቻ ላይ ቶፕለስ (ጡት ሳይሸፍኑ) ሆኖ ፀሐይ መሞቅ ይቻላል እንዴ? ሕጉን የሚያውቅ አለ?»

ጥያቄው ምንም አይወጣለትም። ያናደደኝ መልሱ ነው። «እህቴ ዘና በይ፣ እኔ ስሄድ ማንም ምንም አላለኝም» አለ አንዱ። ሌላዋ «እኔንም» ብላ ደረበችለት። ከዚያ የልብ ምልክት ዘነበ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ልጅቷ የት አገር እንደምትሄድ የጠየቀ አንድ ሰው የለም!

«ማንም ምንም አላለኝም» ሕግ ሆኖ መጠቀስ ከጀመረ ሰነባብቷል። ለቪዛም ይጠቀሳል፣ ለመንጃ ፈቃድም ይጠቀሳል። ወንድሜ፣ ማንም ምንም ያላለህ እኮ ፖሊሱ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ስለነበረ ይሆናል። ወይም አይቶህ ሰልችቶት ይሆናል።

እንግሊዛዊውን ስቲቨን ጎፍን ውሰዱ። በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከኮፍያ፣ ከጫማና ከቦርሳ በቀር ምንም ሳይለብስ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ እስከ ስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ በእግሩ ሊሄድ ተነሳ። እንግሊዝ ውስጥ እርቃን መሆን ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሰው ለማስደንገጥ ወይም ለማስጨነቅ ብለህ ካላደረግከው። ስኮትላንድ ሲደርስ ግን ነገሩ የሕዝብን ሰላም ማደፍረስ ተባለ። ታሰረ። ሲፈታ አልለብስም ይላል፣ በሩ ላይ ይያዛል፣ ይመለሳል። ዓመታት በዚህ አለቁ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ2014 ተረታ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ፓስፖርት እንኳን የሚጠየቅበት ድንበር አልተሻገረም።

ስፔንም እንደዚሁ ናት። እዚያ ከ1988 ወዲህ እርቃንን ብቻውን የሚቀጣ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ይህን የሰማ ተጓዥ ጮቤ ይረግጣል፤ የሰማው ግን ግማሹን ነው። ከተሞቹ የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። ባርሴሎና በ2011 እርቃን መሄድን ከለከለች፣ በዚያ ላይ ከባህር ዳርቻው ርቆ በዋና ልብስ መንገድ ለመንገድ መዞርንም ጨመረችበት። የጣሊያኗ ሶሬንቶ በ2022 ተከተለች፤ ቅጣቱ እስከ 500 ዩሮ ይደርሳል። አሸዋው ላይ ማንም ዞር ብሎ ያላየህ ሰው አስፋልቱን ስትረግጥ ባለ ዕዳ ትሆናለህ።

ደግሞ ይሄኛው ደንብ ሸሚዙን አውልቆ፣ ቦርጩን አስቀድሞ ከተማ የሚዞረውን ወንድ ጭምር ነው የሚይዘው። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ወንድ ደረቱን የሚገልጠው ከፍጥረት ጀምሮ የተፈቀደለት እየመሰለው ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የባህር ዳርቻ ላይ ደረታቸውን የገለጡ ወንዶች ይያዙና ይቀጡ እንደነበር ማን ይንገረው? ወንዶቹ ቶሎ ነጻ ወጡ። የኒውዮርክ ሴቶች ግን የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እስኪፈርድላቸው እስከ 1992 መጠበቅ ነበረባቸው። የበርሊን የሕዝብ መዋኛዎች ለሁሉም እኩል መፍቀዳቸውን በግልጽ የተናገሩት ገና በ2023 ነው። ያውም ጀርመን፣ ልብስ ሳይለብሱ መዋኘት አሮጌ ወግ የሆነበት አገር!

ፈረንሳይን ካነሳሁ ግን ቂሜ ይነሳብኛል።

በ2020 ሳንት-ማሪ-ላ-ሜር የሚባል ቦታ ጸጥታ አስከባሪዎች ቶፕለስ የተኙ ሴቶችን «ሸፈን በሉ» አሏቸው፤ ልጆች ይዞ የመጣ ቤተሰብ ቅር ብሎት ነበር። አገር ተንጫጫ። የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዤራልድ ዳርማናን ሳይቀሩ ለሴቶቹ ወገኑ፣ ነጻነት ውድ ነገር ነው አሉ። ግሩም። እኔ ግን እዚያው ነጻነት ውድ በሆነበት አገር፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት መዋኛ ውስጥ፣ ብዙ ለብሰሃል ተብዬ ተባርሬያለሁ።

ሻወር ወስጄ ወደ ውሃው ሳመራ ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ። በጣቱ ቁምጣዬን ጠቆመ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል። ሰፊ ቁምጣ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። አጠገቡ ያለችው ጠባብ ፓንት አረንጓዴ ምልክት አላት። ምክንያቱ ንጽሕና ነው ይላሉ፤ ሰፊ ቁምጣ መንገድ ላይም ስለሚለበስ ቆሻሻ ይዞ ይገባል። እሺ። መግቢያው ጋ የዋና ፓንት የሚሸጥ ማሽን ቆሟል፤ ሳንቲም ከትቼ አንዷን አወጣሁ። ከመሐረብ ብዙም አትበልጥም። ላስቲኳ ጭኔ ላይ ያወጣችው ሰንበር እስከ ማታ አልጠፋም። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው!» አለኝ።

ይህን ተረት ድሮም እወደዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ የዓለም ሕግ አውጪ ሁሉ የሚጣላው በዚህችው ጥብቆ ርዝመት መሆኑ ገባኝ። በዚያው አገር በ2016 ክረምት በርካታ የባህር ዳርቻ ከተሞች ቡርኪኒን (መላ ሰውነት የሚሸፍነውን የሙስሊም ሴቶች የዋና ልብስ) ከልክለው ነበር፤ መላ ሰውነቷን ሸፍና የመጣችውን ሴት ፖሊስ ሊቀጣት ቆመ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በኦገስት የአንዷን ከተማ ክልከላ አገደ። ሴትየዋ ብታወልቅ አንዱ ይጮሃል፣ ብትለብስ ሌላው። እኔ በአንዲት ፓንት ይሄን ያህል ካማረርኩ እሷ ምን ትበል?

እስካሁን ቀልጃለሁ። የሚከተለው አያስቀኝም። በሜይ 2015 ማሌዢያ ውስጥ ኪናባሉ ተራራ ላይ ቱሪስቶች ልብሳቸውን አውልቀው ፎቶ ተነሱ። ተራራው 4,095 ሜትር ነው። ያን ሁሉ ብርድ በጃኬት ወጥተህ፣ ወደ ጫፉ ስትደርስ ማውለቅ! ለአካባቢው ሕዝብ ደግሞ ያ ተራራ የሟቾቻቸው ነፍስ ማረፊያ ነው። ከቀናት በኋላ መሬት ተንቀጠቀጠ፣ 18 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ተራራው ተቆጣ አሉ። መንቀጥቀጡን ለጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንተወውና፣ ካወለቁት ቱሪስቶች አራቱ ፍርድ ቤት ቀርበው የ3 ቀን እስርና እያንዳንዳቸው 5,000 ሪንጊት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት አንኮር ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዲሁ ያደረጉትን ካምቦዲያ አባረረች። በ2022 ባሊ ላይ ቅዱስ ዛፍ ሥር እርቃኗን የተነሳችውም ተባረረች። የሰው መቃብርና መቅደስ ፎቶ ቤት ነው እንዴ? እዚህ ላይ ሕጉን አላውቅም ነበር ብሎ ነገር አይሠራም። ይሄ ሕግ ማወቅ አይጠይቅም፣ ይሉኝታ ብቻ ይበቃል።

ውይ፣ ልጅቷን ረሳኋት። በውስጥ መስመር «የት ነው የምትሄጂው?» አልኳት። «ማልዲቭስ» አለችኝ።

ማልዲቭስ! ቶፕለስ ሪዞርት ውስጥ እንኳን የተከለከለበት አገር። ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ቢኪኒ ራሱ የሚለበሰው ለእሱ ተብሎ በተከለለ ዳርቻ ብቻ ነው። በ2020 ማፉሺ ደሴት ላይ አንዲት ቱሪስት በቢኪኒ መንገድ ላይ ስትሄድ ፖሊሶች ታግለው ያዟት፣ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። የፖሊስ ኮሚሽነሩ በአያያዙ ይቅርታ ጠየቁ። ክልከላውን አላነሱም።