ደርሶሻል?

በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተለማማጅ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ኃላፊያችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከተመለከቱኝ በኋላ፣ «አንቺ የዘመኑ ልጅ ነሽ፤ ሌላውን እኛ እናሳይሻለን፣ የዲጂታሉን ነገር ግን አንቺ ታስተምሪናለሽ» አሉኝ። እንደማንኛውም አዲስ ገቢ አንገቴን ሰብሬ «እሺ» አልኩ። የመሣሪያዎቹን አጠቃቀም ለመልመድ ሁለት ቀን በቃኝ፤ መሥሪያ ቤታችን ለመሣሪያዎቹ ያስተማራቸውን ጠባይ ለመልመድ ግን ስድስቱ የልምምድ ወራት አልበቁኝም።

በኢሜይል ልጀምር። እኛ ቤት ኢሜይል ብቻውን አይሄድም፤ እንደ ጋብቻ ጥያቄ ሽማግሌ ያስከትላል። ላኪው ጽፎ ከላከ በኋላ ስልኩን አንሥቶ «ኢሜይል ልኬልሻለሁ፣ ደርሶሻል?» ይላል። «ደርሶኛል» ስለው በኢሜይሉ የጻፈውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃል ያስረዳኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ኢሜይል አትሞ ሦስት ፎቅ ወጥቶ በመምጣት በደብዳቤ መረካከቢያው መዝገብ ላይ ያስፈርመኛል። አንድ ቀን ደፍሬ «ታዲያ ኢሜይሉ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ብጠይቀው፣ በሐዘኔታ ተመልክቶኝ «ለፍጥነት ነዋ!» አለኝ።

የቴሌግራም ግሩፓችን ግን ራሱን የቻለ አገር ነው። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው መያዝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የእኛው 43 ሰው ብቻ ቢይዝም ጠዋት ሲሰላመት 200,000 ያህላል። ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ጤዛ ያረፈባት ጽጌረዳ ከ«እንደምን አደራችሁ» ጋር ትላካለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ያላለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ዝውውር ጠይቋል ተብሎ ይጠረጠራል። በ17ኛው እና በ18ኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» መካከል «ዛሬ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክፍሉ ዝግ ነው» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ቢል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ዕዳ ጠያቂ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አምስት ሕጎች አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ የሚል ነው። በሥልጠናው ይህን ሕግ በቃሌ አጥንቼው ስለነበር በቡና ሰዓት ለአንዲት እትዬ ብነግራቸው፣ «እና ሰውየው ሰላምታ አይወድም?» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የስካነሩ ነገር ነው። አንድ ቀን የባልደረባችን አጎት ማረፋቸው በግሩፑ ላይ ተነገረ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ስንጠብቀው የነበረው የመጽሐፍ ስካነር መገዛቱ ተበሠረ። ሰዉ ግሩፑን ሲከፍት የሚያየው መጨረሻ የመጣውን መልእክት በመሆኑና ከሱ በላይ ያሉት ሰዎች እያለቀሱ መሆናቸውን ብቻ በመመልከቱ፣ ከስካነሩ ፎቶግራፍ ሥር ዘጠኝ ሰዎች «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ። አንዱማ «ቀብሩ የት ነው?» ሲል ጠይቋል። ስካነሩ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ሲያቆም፣ ነገሩ የተበላሸው ገና ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው የሚሉ አልጠፉም።

በዙም ስብሰባ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩበትን ጊዜ ባጭሩ ባልፈው ይሻለኛል። «ጠዋት 3 ሰዓት» አሉኝ፤ እኔም በቀን መቁጠሪያው ላይ 3 ብዬ፣ ጠዋት ስለተባልኩም «ኤኤም» የሚለውን መርጬ ላክሁ። ፈረንጅ ያበጀው ሰዓት የእኛን ፀሐይ መውጫ መነሻው ስላላደረገ፣ ማስታወሻው የሰዉን ሁሉ ስልክ ያንጫረረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ኃላፊያችን በማግሥቱ ምንም አልተናገሩኝም፤ ዓይናቸው ብቻ ቀልቶ ነበር። ስብሰባው በትክክለኛው ሰዓት ሲካሄድም ያልተከፈለበት ዙም የሚሰጠው 40 ደቂቃ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ አሳስቤ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች «ይሰማል?» «ይቆራረጣል» በመባባል አለፉ፤ ከአንዱ ተሰብሳቢ ቤት ሲኒ ሲታጠብና «ቡናው ፈልቷል፣ ና!» ሲባል ሰማን፤ የቀረው በመክፈቻ ንግግር ተሞላ። ኃላፊያችን «እንግዲህ ወደ ዋናው አጀንዳ ስንገባ» ከማለታቸው መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሰን ስንገባ፣ ዘግይተው የተቀላቀሉ እንዳሉ በመገመት የመክፈቻ ንግግሩን እንደገና ጀመሩት።

ከዚያ ወደ ኮሃ ተመደብኩ። ኮሃ በኒው ዚላንድ የተሠራ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ሲሆን ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። መጽሐፍ ተውሶ በቀኑ ላልመለሰ አንባቢ ማስታወሻውን በኢሜይል ራሱ ይልካል። በእኛ አገር ግን ደብዳቤ የሚጻፍለት ሰው አለ፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት ሰው አለ፤ ኮሃ ይህችን የአንድ ፊደል ልዩነት አያውቃትም። የመጀመሪያው ማስታወሻ በተላከ ማግሥት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኢሜይሉን አሳትመውና አጥፈው በኪሳቸው ይዘው መጡ። «በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን ደብዳቤ ተጽፎብኝ አያውቅም። ዛሬ የጻፍሽብኝ አንቺ ነሽ?» ሲሉኝ፣ ማሽኑ ነው ብዬ ማስረዳት ከአለቃ ጀርባ እንደመደበቅ ሆኖብኝ ይቅርታ ጠየቅሁ። መጽሐፉን አልመለሱም፤ ለካስ የመጡት ለአቤቱታው ብቻ ነው።

ሌላዋ ወይዘሮ ደግሞ በአባታቸው ስም «ውድ አቶ» ተብለው የተጻፈላቸውን በስልካቸው እያሳዩኝ፣ «አባቴ ካረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በሕይወት ሳሉም ልብ ወለድ አያነቡም ነበር» አሉኝ። ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያምናል። የድሮው የካርድ ካታሎግ በዚህ በኩል ጨዋ ነበር፤ ኢትዮጵያዊን ደራሲ የሚመዘግበው በገዛ ስሙ እንጂ በአባቱ ስም አልነበረም።

ይህን የነገሩኝ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት አንጋፋው ካታሎገራችን፣ ማለትም መጻሕፍቱን የሚመዘግቡትና የሚመድቡት ሰው ናቸው። ጋሼ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሚይዙ ግሩፑ ውስጥ የሉም፤ በየማለዳው ግን «እስቲ ልጄ፣ ያንን ግሩፕ አትሚልኝ» ይሉኛል። የታተመውን ወረቀት በመቀስ እየቆራረጡ በየፎልደሩ ሲከቱ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቆየሁ። በኋላ ሳይ ለካ ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ መጻሕፍትን በየርዕሳቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው የአመዳደብ ሥርዓት መሠረት እየመደቡት ኖሯል። ነፍስ ይማሩ በሙሉ የሞትና የቀብር ልማዶች በሚገኙበት በ393፣ የእንቁጣጣሽና የመውሊድ መልካም ምኞት የበዓላት ቁጥር በሆነው በ394.26፣ የማለዳው ሰላምታ ከነጽጌረዳው ደግሞ ሥነ ምግባርና ጨዋነት በሚመደቡበት በ395 ሥር ገብተዋል። የቤተ መጻሕፍት ሥራን የሚመለከተው የ025 ፎልደር ከሁሉም ቀጭኑ ነበር። የ395ቱ ግን አልዘጋ ብሎ በሲባጎ ታስሯል።

ልምምዴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኦዲተሮች መጥተው ስለ መጻሕፍት ውሰት ገደብ የወጣውን ሰርኩላር አሳዩን አሉ። ኃላፊያችን «ግሩፑ ላይ ተለቋል እኮ!» ብለው ስልካቸውን አወጡ፤ ሁላችንም አወጣን። «ውሰት» ብለን ፈለግን፣ «ገደብ» ብለን ፈለግን፤ ምንም የለም። ሰርኩላሩ ማኅተምና ቲተር ከተደረገበት በኋላ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተላከ ስለሆነ፣ ለቴሌግራም ፍለጋ ከጽጌረዳዋ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። 43 አውራ ጣቶች ወደ ላይ እየገፉ ከስካነሩ ለቅሶ በደረሱበት ሰዓት፣ ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሡ 025ን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ። በታተመው ምስል ላይ ያነሣችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አውራ ጣት ቀኑን ሸፍኖት ይታያል፤ ጋሼ ግን ቀኑን ከጎኑ በእርሳስ ጽፈውታል።

ኃላፊያችን ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ጎሽ! መቼም አንጋፋ አንጋፋ ነው» ካሉ በኋላ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው በስልካቸው ፎቶግራፍ አነሡትና ወደ ግሩፑ ላኩት። ከዚያም ሁለት እርምጃ ርቄ ከቆምኩበት ዞር ብለው ተመለከቱኝ።

«ደርሶሻል?» አሉኝ።