መድኃኒቱም፣ ጸበሉም፣ የጠዋት ፀሐይዋም

ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ድባቴ ያለበት ሰው እንቅልፉን፣ ምግቡንና እንቅስቃሴውን ይጠብቅ ይላል። ልክ ነው። ድባቴ ያለብኝ እኔ ግን ከደብረ ብርሃን ትንሽ ልጨምር። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሲብስብኝ ከጋቢዬ መውጣት ራሱ ያቅተኛል። "ስፖርት ሥሪ" ቢሉኝ ከየት አምጥቼ? ፀሐይ ስትወጣ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ በሶዬን እጠጣለሁ። ከዚያ እስከ ጎረቤቴ አጥር እሄድና እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን በቃ ያ ብቻ ነው።

እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳኝ ነበር። ጸበሉ አጽናንቶኛል፣ አልክድም። ግን እዚያ ሳለሁ መድኃኒቴን አቋርጬ ብሶብኝ ተመለስኩ። አሁን ሁለቱንም ይዣለሁ። እባካችሁ፣ የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ በ3ኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብላችሁ እንዳትጥሉት። ማቆም ሲያምራችሁም መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ትቻለሁ፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ቡና ጠጡ ስባል ግን አልቀርም። ቄጤማው አጠገብ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻዬን እቆረጥማለሁ። ጎረቤቴ እማማ ስለ ሕመሜ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። "ባታወሪም ነይ የኔ ልጅ" ነው የሚሉኝ።