የቆመ መኪና ሒሳብ በማን ላይ ይታሰብ?

ከፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ውሽንፍር ኮሎራዶ ሲደርስ ከሮኪ ተራሮች ጋር ይላተማል። አየሩ ሽቅብ እየወጣ ይቀዘቅዝና የያዘውን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አይ-70 አውራ ጎዳና ደግሞ በዚያው መሃል ያልፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከበረዶው የሚከፋው ነፋሱ ነው። ሰማዩ ከጠራ በኋላ እንኳ የተከመረውን እያነሣ ሸለቆው ውስጥ ይበትነዋል፤ ከፊትህ ያለው መኪና መብራት ድንገት ይጠፋብሃል።

ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ከባድ መኪና ይነዳሉ። ከፍታው ብርቃችን አይደለም። አይ-70 ተራራውን የሚሻገርበት የቬይል ማለፊያ 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን ያቋረጠ ሾፌር ከዚያ የማይተናነስ አይቷል። ጣርማ በር ላይ ግን የሚያስፈራው ጭጋጉ ነው፤ ጎማ ላይ ሰንሰለት ማሰር የሚማሩት እዚህ መጥተው ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ፣ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ሞሪሰን ወደ ምዕራብ በአይ-70 የሚያልፍ ከባድ መኪና ሰንሰለት መያዝ አለበት። የሰንሰለት ሕግ ታውጆ እሰር ተብሎ ሳያስር የተገኘ 500 ዶላር፣ ሳያስር መንገድ የዘጋ 1,000 ዶላር ይቀጣል፤ ተጨማሪው ክፍያ ሳይቆጠር። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ አንድ ተሳቢ መንገዱ ላይ ተጣጥፎ ሲቀር ከኋላው አምቡላንስም አያልፍ። ነዳጅ የጫነውማ የባሰ ነው። በአይዘንሃወር ዋሻ ማለፍ ስለማይፈቀድለት 3,655 ሜትር ላይ ያለውን የላቭላንድ ማለፊያ ይወጣል።

የሚያንገበግበኝ ክፍያው ነው። አብዛኛው ሾፌር የሚከፈለው በማይል ስለሆነ ቆሞ ያደረበት ሌሊት ባዶ ነው። ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ሞቅ ያለ ቢሮ ተቀምጦ «ሌሎቹ እያለፉ ነው እኮ» ይላል። ሐሜቱንም ፈረንጅ ላይ ብቻ አንጫነው፤ ባለመኪናውም ዲስፓቸሩም የአገር ልጅ የሆኑበት ብዙ ነው። «ወንድሜ፣ ደንበኛ እንዳታሳጣኝ» ሲሉህ ይሉኝታ ይይዝሃል፤ ከአለቃ ቁጣ ይልቅ ይህ ነው ሰውን ተራራ የሚያስወጣው።

የፌዴራሉ ደንብ ግን መንገዱ በጣም አደገኛ ሲሆን ሾፌሩ እንዲያቆም ያዛል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አጓጓዡም ጭነት የሚያገናኘው ደላላም ሾፌርን ደንብ እንዲጥስ ማስገደድ አይችሉም። እምቢ ብሎ የተባረረ፣ በኮንትራት የሚነዳም ቢሆን፣ በ180 ቀን ውስጥ ለሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ለኦሻ አቤት ማለት ይችላል። ስንቱ ሾፌር ይህን ያውቃል?

ባለመኪኖቹ ትርፉ ቀጭን ነው፣ ደላላውም ለመዘግየት አይከፍልም ይላሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ኮፐር ማውንቴን አካባቢ የበረዶ ናዳ አውራ ጎዳናው ላይ ወርዶ መኪኖችን አልብሷል፤ እንዲህ ያለው ሲመጣ ሰንሰለትም አያድን። ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የሰንሰለት ሕግ በታወጀበት ሰዓት የቆመ ሾፌር አበል ይከፈለዋል፣ ጭነቱም አይነጠቅበትም። የሚፈረመውም ከሴፕቴምበር በፊት ነው፤ በረዶው ከጀመረ በኋላ ማን ይደራደራል?