የጽዳት ክፍያ በውሃ ቢል፦ ከማን ኪስ?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር መሰብሰቡ ድሃውን ይጠቅማል።

ደጋፊ፦ ድሮ ቆሻሻ አንሺዎቹ ራሳቸው በየደጁ እያንኳኩ ነበር ገንዘብ የሚጠይቁት። አንዱ “ነገ ኑ” ይላል፤ ሌላው ማዳበሪያውን ሞልቶ ወንዝ ይጥላል። ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ሲያያዝ (ለዓመታት ከመኖሪያ ቤት የውሃ ቢሉን 20፣ ከድርጅት 42.5 በመቶ) የቆሻሻ አንሺዎቹ ማኅበራት ባነሱት መጠን ከከተማው ይከፈላቸው ጀመር። ጋሪ ከሚገፉት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ያጡ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። ወረዳ ለድሃ ሥራ ፈጠረ የሚባለው ይሄ ካልሆነ ምኑ ነው?

ተቃዋሚ፦ ሥራው መፈጠሩን አልክድም። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል እንበል። የውሃ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል፤ ስለዚህ አምስቱ ድሆች ተደምረው እንደ አንድ ባለጸጋ ይከፍላሉ። የቆሻሻው መቶኛ ደግሞ በዚያ ላይ ይታሰባል። ጉድጓድ አስቆፍሮ ከራሱ የሚቀዳው ሆቴልስ? ቆሻሻው በመኪና፣ የውሃ ቢሉ በጣት የሚቆጠር ብር!

ደጋፊ፦ የጋራ ቆጣሪው ነገር እውነትዎን ነው። ግን መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ወረዳው ነዋሪውን ያውቃል፣ ፍጆታው በአባወራ ቁጥር ይካፈል። ክፍያው ቢቀር ገንዳው ሳይነሳ ይሰነብታል፤ የሚሰነብተው ደግሞ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ያውቁታል።

ተቃዋሚ፦ ይቅር አላልኩም፤ ከምንጩ ይቀረጥ ነው የምለው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ፌስታሉን አልተወም፤ በ2017 ሌላ አዋጅ አስፈለገ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አለቀ። እዚያ ጥግ ቤት የቀለሱት ድሆች ነበሩ። ፌስታሉን ያመረተው በምርቱ ልክ ምን ከፈለ?

ደጋፊ፦ እንዲህ በተመረጡ ምርቶች ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ ታክስ፣ የሚጣለው በፌዴራል አዋጅ ነው፤ ከተማው ብቻውን አያዝበትም። አዲስ አበባ ድርሻዋን እስክትጠይቅ፣ እስኪፈቀድ፣ እስኪደርስ የጋሪ ገፊዋን የወር ገቢ ማን ይሸፍናል?

ተቃዋሚ፦ የጣራና ግድግዳ ግብር መዝገብ አለ አይደል? የቤቱን ስፋትና አገልግሎት ይናገራል። ክፍያው በዚያ ይሰላ፤ ባለ አንድ ክፍል ተከራይ ከባለ ሆቴሉ እኩል የማይቆጠርበት መንገድ እሱ ነው።